ሳጥኑን አስቀምጣችሁ ኬብሉን አትጣሉት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በዚህ ሰሞን በከተማችን መሀል ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይታደሳሉ፣ ይዛወራሉ። ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ሰው ዕቃውን እየጠቀለለ ነው። ዕቃ ሲነሳ ደግሞ ከምድር ቤትና ከደረጃ ሥር አሮጌ ኮምፒውተር ይወጣል። ብዙው ለቆራሌው ይሸጥና ምናለሽ ተራ ይገባል። ጥቂቱን ግን አንዳንድ ቢሮዎች «ይሄማ ታሪክ ነው» ብለው ያስቀሩታል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። የምጽፍላችሁ ግን የሚቀረው ነገር ግማሽ ስለሆነ ነው። ሳጥኑ ይቀመጣል። ሳጥኑን ከሌላው ማሽን ጋር ያነጋግር የነበረው ኬብል፣ በማሽኑ ውስጥ የሚሰካው የማገናኛ ካርድና የአሠራር ወረቀቱ ይጣላል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቸርችል ጎዳና አካባቢ በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ጉዳይ የምናገረው በእጄ ስለነካሁት ነው።

በቅርቡ አንድ ቢሮ ለጉዳይ ገብቼ፣ መግቢያው ላይ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ተርሚናል አየሁ። ያ አረንጓዴ ፊደል ያሳይ የነበረው ዓይነት ነው። ከሥሩ «የመጀመሪያው ኮምፒውተራችን» ተብሎ ተጽፏል። ዞር ብዬ ከኋላ ሳየው ኬብሉ በቢላ ተቆርጧል። ልቤ አዘነ። ያ ዕቃ እኮ ኮምፒውተር አልነበረም። ለብቻው ሁለትና ሁለትን መደመር አይችልም። ስክሪንና ኪቦርድ ነው። ሥራውን ይሠራ የነበረው በሌላ ክፍል የተቀመጠው ዋናው ማሽን ነው። እኛ ሆስት እንለው ነበር። ሆስቱ የለም፣ ኬብሉ ተቆርጧል፣ ማኑዋሉ፣ ማለትም የአሠራር መመሪያው፣ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ያንን መስታወት የሚያይ ወጣት ምን ይማራል?

እኛ ጋ የነበረው ሲስተም 36 ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ማሽን ነው። እሱ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እኛ በየፎቁ በተርሚናል እንሠራ ነበር። የሚያገናኘን ትዊናክስ የሚባል ወፍራም ኬብል ነው። ውስጡ ሁለት የመዳብ ሽቦ አለ፤ ዙሪያውን የሽቦ መረብ ይሸፍነዋል። በአንድ መስመር ላይ እስከ ሰባት ዕቃ ይገጠማል፣ ተርሚናልም ይሁን ፕሪንተር። መስመሩ ወደ መጀመሪያው ተርሚናል ይገባል፣ ከእሱ ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጠቅላላ ርዝመቱ እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ቢት ነበር፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሆነች ትንሿ የመረጃ ቁራጭ ናት። ለዚያን ጊዜ ቀላል አይደለም።

በመስመሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ተርሚናል ቁጥር አለው፣ ከ0 እስከ 6። ማንም ተርሚናል በራሱ ተነስቶ አይናገርም። ዋናው ማሽን ውስጥ የተርሚናሎቹን ጉዳይ የሚይዝ ተቆጣጣሪ አለ። እሱ በየተራ ይጠይቃል። 0 ቁጥር፣ የምትለው አለህ? 1 ቁጥር፣ አንተስ? የተጠየቀው ብቻ ይመልሳል። አንዲት ፊደል ስንጫን ፊደሏ ተራ ጠብቃ ወደ ተቆጣጣሪው ትሄዳለች፤ ስክሪኑ ላይ የሚያስቀምጣትም እሱ ነው። ዋናው ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው የማሽኑ አንጎል፣ ይህን ሁሉ አይሰማም። እሱ የሚነቃው ኢንተር ስንጫን ነው። በዚህ ብልሃት ነው አንድ ማሽን የስንቱን ሰው ሥራ ሳይጨናነቅ ይሠራ የነበረው።

መልእክቱ የሚሄደው በ16 ቢት በ16 ቢት እየተቆራረጠ ነው። አንዱ ቢት መጀመሩን ያሳውቃል። ስምንቱ መረጃው ራሱ ነው። ሦስቱ የተርሚናሉን ቁጥር ይይዛሉ። አንዱ ስህተት መፈተሻ ነው። የቀሩት ሦስቱ መሙያ ናቸው። ልብ በሉ፣ በሦስት ቢት ከ0 እስከ 7 ስምንት ቁጥሮችን መጻፍ ይቻላል። ታዲያ ለምን ሰባት ዕቃ ብቻ ይገጠማል? 7 ቁጥር «መልእክቱ አለቀ» ለማለት ስለተያዘ ነው። ይህን ያወቅሁት ማኑዋሉን ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል። አንድ ሰው አስቦበት የሠራው ነገር መሆኑ ይታያል።

ወረቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ያለው የሂሳብ ክፍል ጠረጴዛ አዛወረ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ልጅ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ማሽኑ ሞቷል! ማንም መሥራት አልቻለም።»

«ማሽኑ አልሞተም» አልኩት። «መጨረሻ ላይ ያለውን ተርሚናል ማን ነው የነቀለው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ተርሚናል መስመሩን መዝጋት አለበት። ለዚህ የምታገለግል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ከኋላው አለች። መስመሩ ካልተዘጋ ምልክቱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከሚመጣውም ጋር ይደበላለቃል። ያኔ ምንም ያልነካ ሰው ተርሚናል ሳይቀር ይታወካል። ወጥቼ አዲሱ የመጨረሻ ተርሚናል ላይ ማብሪያዋን ቀየርኳት። ሁሉም ሥራውን ቀጠለ። ይህ በማኑዋሉ ውስጥ በአንዲት አንቀጽ የተጻፈ ነገር ነው። ያቺ አንቀጽ ከጠፋች፣ ነገ አንድ ወጣት ሁለቱንም ማሽን ቢያገኝ እንኳ ሊያነጋግራቸው አይችልም። ማሽኖቹ ተበላሽተዋል ብሎ ይተዋቸዋል።

«ድሮ ቀረ፣ አሁን ማን ይፈልገዋል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለእሱ የምመልሰው ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሰውየው ጡረታ ሊወጣ ሲል የአገልግሎት ዘመኑ ማስረጃ ጎደለ። ወረቀቱ ጠፍቷል። መረጃው ግን በአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ በቴፕ ጥቅል ላይ እንዳለ እናውቅ ነበር። ያ ትልቁ ክብ ጥቅል፣ ስፋቱ ግማሽ ኢንች የሆነው። ፈለግን፣ ተገኘ። ማንበቢያውም እዚያው አቧራ ለብሶ ተገኘ። ማንበቢያውን ከዋናው ማሽን ጋር የሚያያይዘው ካርድና ኬብል ግን ከዓመታት በፊት «ቁርጥራጭ ዕቃ» ተብሎ ተሽጧል። ቴፑ አለ፣ ማንበቢያው አለ፣ መሀል ላይ ያለው የለም። ሰውየው ምስክር ሲያቆም፣ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ስንት ጊዜ አለፈ። ባለቤቱ ታማ በነበረበት ወቅት ነው ይህ የሆነው። ያንን ካርድ የሸጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ደግሞ ቢነበብም እንኳ ገና ነው። የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ፊደል የሚጽፉበት ኮድ ኢብሲዲክ ይባላል። ግላዊ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙት ደግሞ አስኪ ነው። የላቲኑ ትልቁ «ኤ» በአስኪ 65 ነው፣ በኢብሲዲክ 193። በኢብሲዲክ ፊደላቱ እንኳ ተከታትለው አይሄዱም። «አይ» 201 ሆኖ ቀጥላ የምትመጣው «ጄ» 209 ናት። ደመወዝ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ በአንድ ባይት፣ ማለትም በስምንት ቢት፣ ሁለት አሃዝ እየተጠቀጠቀ ይጻፍ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ወይም በታች መሆኑን የሚናገር ምልክት ይቀመጣል። የመዝገቡን አቀማመጥ የሚያሳየው ወረቀት ከሌለ ስሙ የት አልቆ ደመወዙ የት እንደሚጀምር በምን ይታወቃል? የእኛ ስም ደግሞ በዚያ ተርሚናል በላቲን ፊደል ነበር የሚገባው። «ፀሐይ»ን አንዱ ጸሐፊ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ያስገባታል። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ የአንድ ሰው መዝገብ በሁለት ስም ሊገኝ ይችላል። ይህንንም የሚያውቁት የዚያን ጊዜ ሠራተኞች ናቸው። እኛም እያረጀን ነው።

አሁን ወደ ሌላ ማሽን ልውሰዳችሁ። ወጣት አንባቢዎቻችሁ ይህን ቢያውቁት እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1981 እንግሊዝ አገር አኮርን የተባለ ድርጅት ቢቢሲ ማይክሮ የሚባል ኮምፒውተር አወጣ። ትንሽ ማሽን ነው። ፕሮሰሰሩ 6502 ሲሆን በ2 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ከሥሩ ግን ባለ 40 ፒን ማገናኛ ተደርጎለታል። ስሙ ቲዩብ ነው። በዚህ በኩል ሌላ ፕሮሰሰር ያለበት ሳጥን ይያያዛል። ሲያያዝ ሥራ ይከፋፈላሉ። ቢቢሲው ሆስት ይሆናል። ኪቦርዱን፣ ስክሪኑንና ዲስኩን እሱ ይይዛል። አዲሱ ፕሮሰሰር የራሱን ማስታወሻ (ሜሞሪ) ይዞ ሙሉ ጊዜውን ለፕሮግራሙ ያውላል። 6502 ራሱ በሁለተኛነት ሲያያዝ በ3 ሜጋኸርዝ ይሠራና 64 ኪሎባይት ለብቻው ያገኛል።

ሁለቱ ማስታወሻ አይጋሩም። አንዱ ወደ ሌላው ቤት አይገባም። በመካከላቸው ያለው አንድ ቺፕ ነው። የሠፈር ልጆች ሲጠይቁኝ በምግብ ቤትና በማድቤት መካከል ያለችውን መስኮት እጠቅስላቸዋለሁ። አንዱ ሳህኑን ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሳል፣ መስኮቷ ከሞላች አስቀማጩ ይጠብቃል። በቺፑ ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት መተላለፊያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ለመሄጃም ለመምጫም። በየመተላለፊያው «መረጃ አለ» እና «ቦታ አለ» የሚሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። አስቀማጩ ቦታ መኖሩን አይቶ አንድ ባይት ያስገባል። ተቀባዩ መረጃ መኖሩን አይቶ ያነሳል።

አራቱ ግን እኩል አይደሉም፣ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው በኩል ወደ ስክሪን የሚሄዱ ፊደላት ያልፋሉ። እዚያ እስከ 24 ባይት መሰለፍ ስለሚችል ፕሮግራሙ ፊደሉን ጥሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ሆስቱ በራሱ ጊዜ ይስለዋል። በሁለተኛው በኩል ረዘም ያሉ ጥያቄዎች ይሄዳሉ፣ ለምሳሌ ይህን ፋይል ክፈትልኝ የሚል። አራተኛው የአስቸኳይ ጉዳይ ነው። ሆስቱ በእሱ በኩል ሁለተኛውን ፕሮሰሰር ሥራ አስቁሞ «መረጃ ሊመጣ ነው፣ ተዘጋጅ» ይለዋል። መረጃው ራሱ በሦስተኛው በኩል በፍጥነት ይንቆረቆራል። ሁለቱ ወገኖች ይህንን ሥርዓት እስካከበሩ ድረስ ከቲዩቡ ማዶ ያለው ፕሮሰሰር የየትኛውም ዓይነት ቢሆን ግድ የለም። ከ6502 ፈጽሞ የማይመሳሰለው ዜድ 80 የተባለው ፕሮሰሰር ሳይቀር ተያይዞለታል።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ አስቡ። በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ኤአርኤም ነው ብል እምብዛም አልሳሳትም። የመጀመሪያውን የኤአርኤም ቺፕ የነደፉት አኮርን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ናቸው። ቺፑ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1985 እጃቸው ገባ። ያን ዕለት ስክሪን አልነበረውም፣ ኪቦርድም፣ ዲስክም። የመጀመሪያ ቃሉን የተናገረው በቲዩቡ በኩል ከቢቢሲ ማይክሮ ጋር ተያይዞ ነው። ፈርበር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚወስድ ሊለካ ሲል መለኪያው ዜሮ አሳየ። ሲጣራ የኃይል መስመሩ አልተገጠመም ነበር። ቺፑ ይሠራ የነበረው በመገናኛ ሽቦዎቹ በኩል በምትገባ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ዓለምን የሞላው ፕሮሰሰር አሮጌ በሚባለው ማሽን ላይ ተደግፎ ነው የተነሳው።

ዛሬም ቢቢሲ ማይክሮ ያላቸው ሰዎች ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ሰሌዳ በዚያው ቲዩብ በኩል ያያይዙበታል። አሮጌው በ5 ቮልት፣ አዲሷ በ3.3 ቮልት ስለሚነጋገሩ መሀል ላይ ቮልቱን የሚያስማማ ቺፕ ይገባል። የቀረውን ሥርዓት ራስበሪ ፓይዋ በፕሮግራም ትተገብረዋለች። እንዴት ቻሉ? የማገናኛው እያንዳንዱ ፒን፣ የእያንዳንዱ መተላለፊያ ሥራ በወረቀት ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው። ቺፑ ከገበያ ቢጠፋም ሥርዓቱ አልጠፋም። በእኛ ከተማ የጎደለው ይህ ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ብቻቸውን አይቆሙም። ክሬይ 1 የተባለው ግዙፍ ኮምፒውተር የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ሎስ አላሞስ ወደሚገኘው የምርምር ማዕከል ሲገባ በዓለም ፈጣኑ ኮምፒውተር ነበር። ሥራ የሚያስጀምረው ግን ከጎኑ የተቀመጠ ዳታ ጄኔራል የተባለ ድርጅት የሠራው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሲዲሲ 6600 ደግሞ ማንበብና መጻፉን የሚሠሩለት አሥር ትንንሽ ፕሮሰሰሮች በውስጡ ነበሩት። ሙዚየም ውስጥ ክሬይን ብቻውን ያቆመ ሰው የታሪኩን ግማሽ ትቶታል።

ባለፈው ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ ቆራሌ ጋሪው ላይ ትዊናክስ ኬብል ጠቅልሎ ሲሄድ አስቆምኩት። ጫፉ ላይ ያለውን ማገናኛ ሊቆርጥ ነው።

«ልጄ፣ ይህን ሳትቆርጠው አትሸጥልኝም?»

«ማዘር፣ የሚፈለገው መዳቡ እኮ ነው። ይሄ ጫፉ ዋጋ የለውም።»

ልጁ እውነቱን ነው። ለእሱ ዋጋው በኪሎ ነው። ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ኬብሉንም በመዳቡ ዋጋ ሰጥቶኝ አመስግኜው ሄጃለሁ። የምናገረው ዕቃውን ከግቢያቸው ለሚያስወጡት ነው።

ለንብረት ክፍል ኃላፊዎች፦ አሮጌ ኮምፒውተር ስታስወግዱ የኮምፒውተር ክፍል ሰው፣ ከተቻለም ጡረታ የወጣ ሰው፣ ለአንድ ቀን ጥሩ። ኬብሉን ከግድግዳው ሳትቆርጡ አውጡት። በማሽኑ ውስጥ ያለውን የማገናኛ ካርድ ነቅላችሁ ለብቻው አትሽጡ። ማኑዋሎቹን ለሱቅ መጠቅለያ አትስጡ፤ ወመዘክርን ጠይቁ። በከተማችን መሀል እ.ኤ.አ. በ2022 የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል። እዚያ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ዋና ማሽንና ሁለት ተርሚናል፣ በእውነተኛው ኬብል ተያይዘው፣ ሲሠሩ ቢታዩ እንዴት ደስ ባለኝ። አንድ ልጅ ኢንተር ሲጫን ማዶ ያለው ማሽን ሲመልስለት ማየት በመስታወት ውስጥ ካለ ሳጥን የበለጠ ያስተምራል። አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆች ደግሞ ይህን ማስነሳት የሚያቅታቸው አይመስለኝም። ወረቀቱን ብቻ ስጧቸው።

ቀድሞ በየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል አብራችሁኝ የሠራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም የምታውቁትን ጻፉ። የትኛው መስመር የት ፎቅ ይሄድ እንደነበር፣ የትኛው ተርሚናል ስንት ቁጥር እንደነበረው፣ መዝገቡ እንዴት ይቀመጥ እንደነበር። በደብተርም ቢሆን ጻፉት።

ከሚቀመጠው ከእያንዳንዱ ሳጥን ጋርም አንድ ወረቀት ይታሰርበት። ከየትኛው ማሽን ጋር ይሠራ እንደነበር፣ በየትኛው ኬብልና ሶኬት፣ በየትኛው ቁጥር እንደሚጠራ ይጻፍበት። ዕቃውን ለመለየት የሚቸገር መሥሪያ ቤት ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ሊያገኘኝ ይችላል። ያለ ክፍያ መጥቼ አያለሁ። ከማክሰኞና ከሐሙስ በስተቀር ጠዋት ጠዋት ነፃ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ
ከሰንጋ ተራ፣ አዲስ አበባ